ማንም ቢነሳብሽ

ያን መሬት ከመግዛታችን በፊት ሰኔ በመጣ ቁጥር መንገድ መንገዱን አይ ነበር። ባለቤቴ የጋይንት ሰው ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ርስት አልነበረውም። የእኔም አባት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከሩቅ መጥቶ የቀረ ስለነበር ሲሞት የተወልኝ ሁለት በሬና አንድ ዳዊት ነው። ዳዊቱንም ጀመርኩት እንጂ ሳልጨርሰው ተዳርኩ። ስለዚህ የሰው መሬት በእኩል እያረስን እንኖር ነበር። እኩል አራሽ ሰኔን አይወድም። ባለመሬቱ «ዘንድሮስ ለአማቼ ሰጥቻለሁ» ካለ፣ ያለሰለሱትን እርሻ ትቶ ጎጆን ነቅሎ መሄድ ነው። ሦስቱን ልጆቼን በሦስት ቤት ወለድኳቸው። ከሁለተኛው ቤት ስንወጣ ዶፍ ይወርድ ነበርና የዘሩን ገብስ በራሴ ነጠላ ጠቅልዬ፣ ልጄን በአጎዛ ሸፍኜ ነው የሄድኩት። ገብሱ እንዳይርስ ስጨነቅ ልጅቱ ታመመችብኝ። ከዚያ ወዲህ ደመና ባየሁ ቁጥር ሰው የሚመጣብኝ ይመስለኛል።

እማሆይ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ፣ አንድ ልጃቸውንም ቀድመው የቀበሩ ሴት ናቸው። ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥሩ የገብስ ማሳ ነበራቸው፤ ከዚያ ሌላ ያላቸው ቤታቸውና ጌሾና ጎመን የሚበቅልበት ጓሯቸው ነው። የባላቸው ተዝካር ሲደርስ አበድረው የሚያበሉ ዘመዶች አልተገኙም። ማሳውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁ። ከሁለቱ በሬ አንዱንና የሰርግ ጌጤን ሰጥተን ልንገዛ ተስማማን። የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን እናርሳለን አልን።

በአገራችን መሬት የሚሸጥ ሰው ዳቦ ደፍቶ ጠላ ጠምቆ ዘመዶቹን ይጠራል። ዘመድ የሆነ ሁሉ፣ በአባትም በእናትም የሚቆጠር፣ መጥቶ ዳቦውን ከቀመሰ ሽያጩን ወዷል ማለት ነው። ነገ ተነስቶ «የአያቴ ድርሻ አለኝ» ቢል «ዳቦውን በልተህ የለም ወይ?» ይባላል። ከዚያ ድንበሩ ይዞራል፤ በመጨረሻም ደጀ ሰላም ላይ ሻጩ ቃል ይሰጣል፣ ካህን ይገዝታል። ቃሉ የታወቀ ነው። ዘመድ ቢነሳ ሻጩ ይመልሳል፤ መመለስ ቢያቅተው ከቀረው መሬት ይተካል።

ዳቦው ተበላ፣ ድንበሩ ተዞረ፣ ደጀ ሰላም ደረስን። እኔ ግን አላረፍኩም።

«ዘመድ ያልሆነ ቢነሳብኝስ?» አልኩ።

«ዘመድ ያልሆነ በምን ነገር ይነሳል?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ድንበርተኛ ቢነሳስ?»

«ድንበሩን አሁን ዞርነው እኮ።»

«የአገረ ገዢው ሰው ቢነሳስ?»

«ይህች ሴት መሬት ስትገዛ ሰማዩንም ልታስምል ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ከኋላ ነጠላዬን ሳብ አደረገው።

እማሆይ ብቻ አልሳቁም። ትንሿን ልጄን አዝያት ነበር፤ እጃቸውን ዘርግተው የእግሯን ጣቶች ያዙ።

«ስንት ጊዜ ተነሺ ብለውሻል?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሦስት ጊዜ፣ እማሆይ።»

ወደ ካህኑ ዞሩ። «አባ፣ ዘመድ የሚለውን ይተዉት። ማንም ቢነሳባት ይበሉ።»

«ማንም?» አሉ ካህኑ። «እማሆይ፣ ይህ ሰፊ ነው።»

«ይስፋ። ይህች ልጅ እንቅልፍ ትተኛ።»

ካህኑ መስቀላቸውን አንስተው ገዘቱ። ማንም ቢነሳባት ሻጯ ትመልስ፤ መመለስ ቢያቅታት ከቀራት መሬት ትተካ፤ ይህን ያፈረሰ ከሥጋ ወደሙ የተለየ ይሁን አሉ። እማሆይ መስቀሉን ተሳለሙ። እኔም ተሳለምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ የበሩን መወርወሪያ ተነስቼ ሳልነካካ ተኛሁ።

እማሆይ ያን ቃል እንደ ሥራ ያዙት። በየዓመቱ ሰኔ፣ በሬዎቹ ለዘር በተጠመዱበት ጠዋት መጥተው ድንበሩ ላይ ይቆማሉ። ወደ ውስጥ አይገቡም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ይጠይቁኛል።

«ማን መጣብሽ?»

«ማንም አልመጣብኝም፣ እማሆይ።»

«እሰይ። በሉ ዝሩ።»

አንድ ጊዜ ግን ሰው መጣብኝ። የወንድማቸው ልጅ ነው፣ አንበሳሜ ገበያ የሚነግድ። በሽያጩ ሰሞን ጉልበቱን ታሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ስለነበር ዳቦውን አልቀመሰም። ማሳው መካከል ገብቶ ቆመና የአያቴ መሬት ነው፣ ድርሻዬን ልቀቁ አለ። ልጆቼን ሰብስቤ ቤት ዘግቼባቸው እማሆይ ዘንድ ሮጥኩ። ወዲያው መጡ።

«አክስቴ፣ እኔ ዳቦውን አልበላሁም» አለ ገና ሲያያቸው።

«ወንዛዬ ገላህን ስትቀቅል ዳቦው ሊሻግትልህ ኖሯል?»

«ሕግ ነው የምናገረው። የአያቴ ነው።»

«የአያትህ ነው። የአያትህን መሬት ሳሳርም የት ነበርክ? ባሌን ስቀብር የት ነበርክ?»

«ንግድ ላይ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ተነጋገድ። ከዚህች ጋር አፍ አትካፈት፤ እሷ እንኳን ካንተ ከጥላዋም ጋር አትከራከርም።»

ሳይወድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤታቸው ወስደው በድርሻው ፋንታ የባላቸውን ኮርቻ ሰጡት፤ ከባላቸው የቀረ ጥሩ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። ኮርቻውን በአህያው ላይ ጭኖ ሄደ። «ምነው፣ የእሳቸው መታሰቢያ አይደለም ወይ?» ብላቸው፣ «ፈረሱ ከሞተ ቆይቷል» አሉኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ባለቤቴ ከዘማቾቹ ጋር ሄደ፤ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገረኝ የለም። የገዘቱን ካህንም አጣናቸው፤ ጣልያን ሲገባ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ቆላ ወርደዋል ተባለ። እኔ ከልጆቼ ጋር ቀረሁ። ማሳውን ጎረቤቴ በበሬዬና በበሬው እያረሰልኝ፣ ምርቱን እየተካፈልን ቆየን። ሌላው ነገር ሁሉ ሲናወጥ ያ ማሳ አልተናወጠብኝም። ሌሊቱን በሥጋት አድሬ ጠዋት ሄጄ ገብሱን ሳየው ልቤ ይመለሳል።

ገብሱ ለእሸት ደርሶ ሳለ መኪና መጣ። መንገዱ እየሰፋ ነበርና ዳሩ ላይ ያለ ሜዳ ለመኪና ማቆሚያ ይፈልጉ ኖሯል። አንድ ነጭ፣ አንድ አስተርጓሚና አስካሪዎች፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ ወረዱ። ችካል እየተከሉ ሽቦ ይዘረጉ ጀመር። ምን ልበል? ልጆቼን ከኋላዬ አድርጌ ቆሜ አያለሁ። አንዱ ችካል ያረፈው ትልቋ ልጄ ባቄላ በዘራችበት ጥግ ነው። «እናቴ፣ ባቄላዬ» አለች፤ አፏን ያዝኩት።

ለእማሆይ የነገራቸውን ሰው አላውቅም። መጡና ያን ጊዜ ድንበሩ ላይ አልቆሙም፤ ችካሎቹ መካከል ገቡ።

«የዚህ መሬት ተሟጋች እኔ ነኝ» አሉት አስተርጓሚውን። «ሸጬላታለሁ፣ ማንም ቢነሳባት ልመልስ ቃል ሰጥቻለሁ። ክስ ካላችሁ ከእኔ ጋር ነው።»

አስተርጓሚው የጎንደር ልጅ ይመስላል፤ ዓይናቸውን አላየም። «እማሆይ፣ እነዚህ ሰዎች አይከሱም። ይይዛሉ።»

«ሳይከሱ እንዴት ይያዛል? ዳኛ ፊት እቆማለሁ በልልኝ።»

አንድ ነገር ለነጩ ነገረው። ነጩ ሰዓቱን አየ። አንድ አስካሪ መጣና እማሆይን በብብታቸው አንስቶ፣ ባዶ እንቅብ እንደሚያነሳ ሰው፣ ከማሳው ቦይ ማዶ አስቀመጣቸው። አልመታቸውም። የወደቀውን መቋሚያቸውን እንኳ አንስቶ ሰጣቸው። ከዚያ መኪናው በገብሱ ላይ ገባ። እማሆይ ጎማው እስኪቆም ድረስ ከቦዩ ማዶ ቆመው አዩ። ቢመቷቸው ይሻላቸው ነበር ብዬ ያሰብኩት በኋላ ነው።

በማግሥቱ ቤቴ መጡ። አልቀመጥም አሉ።

«መመለስ አቃተኝ» አሉ። «ጓሮውን ከነቤቱ ተቀበዪኝ።»

«እማሆይ፣ ምን ነካዎት? አንቱ የት ሊገቡ?»

«እሱን አልጠየቅሽኝም። ተቀበዪኝ።»

እምቢ አልኩ። ሽማግሌዎቹም ሰምተው ሊያረጋጉ መጡ። እኚያ በሰማዩ የቀለዱብኝ ሽማግሌ «እማሆይ፣ ማንም ሲሉ ጣልያን ባሕር ተሻግሮ ይመጣል ብለው ነው እንዴ?» አሏቸው።

«ብዬ አይደለም። ግን ብያለሁ።»

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እማሆይ ቤተ ክርስቲያን መግባት ተዉ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፈው ያስቀድሳሉ። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ፊታቸውን ወደ መሬት ይደፋሉ። በሕይወታቸው ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ያልራቁ ሴት፣ እንደ ተወገዘ ሰው ውጭ ቆሙ። ሕዳር ቁሩ ሲበረታ ቆሙ፤ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ቆሙ። ሳል ያዛቸው። ነጠላዬን ላለብሳቸው ስጠጋ በመቋሚያቸው ያርቁኛል። «ማሩኝ» እላለሁ። «ምሬሻለሁ፤ የታሰርኩት ግን ባንቺ አይደለም» ይሉኛል።

አዲስ የተሾሙትን ወጣት ካህን ለመንኳቸው። ያሰረ አባት ይፍታ እንጂ እኔ የሌላ አባት ማሰሪያ አልነካም አሉ። የገዘቱትን አባት የት እንዳሉ ለማወቅ በገሳይ በኩል ወደሚያልፉ ሰዎች ላክን። ከብዙ ጊዜ በኋላ መልስ መጣ፤ ካህኑ ቆላ ላይ ሞተዋል፣ መቃብራቸውን የሚያውቅ የለም። ያን ዜና ለእማሆይ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ተቀምጠው ጤፍ ይለቅሙ ነበር። መልቀሙን አላቋረጡም። «እንግዲህ ተሸክመውት ሄዱ» ብቻ አሉ።

ወጣቱ ካህን አንድ መንገድ አለ አሉኝ። ግዝቱ የሚፈታው ቃሉ ሲፈጸም ነው፤ ገዢዋ ደጀ ሰላም ቆማ «ምትኬን ተቀብያለሁ» ካለች እማሆይ ነፃ ይወጣሉ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ተቀብያለሁ እላለሁ» አልኳቸው። «እላለሁ፤ አንቱ ግን ቤትዎ ይቀመጣሉ። ማንም አያውቅ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ዋሽተሽ ልታቆርቢኝ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበር። ልጆቼ ይራቡ ነበር። የሰው ማሳ ላይ እያረምኩ በቀን አንድ ጊዜ አበላቸዋለሁ፤ ትንሿ ስትተኛ ሆዷን በእጇ ይዛ ነው። ጓሮው ያስፈልገኝ ነበር፤ ጌሾው እንኳ ተሽጦ ገብስ ይሆናል። እማሆይ ይህን ያውቁ ነበር። ማወቃቸው ነበር የሚያቃጥለኝ። አንድ ቀን ሲያስሉ ደም ባየሁ ጊዜ «እቀበላለሁ» አልኳቸው። እጄን ሳሙኝ። እኚያ አሮጊት የእኔን እጅ ሳሙ።

ሰኔ ላይ ሆነ። ዳቦው ከቤት ለቤት በተለመነ ዱቄት ተደፋ። ከዘመዶቻቸው ብዙው ሞቷል፣ ወይም ተበትኗል። የአንበሳሜው ነጋዴ ግን ተልኮበት መጣ። ገና ቁራሹን ሲሰጡት እጁ ወደኋላ አለ።

«አክስቴ፣ ይህን ዳቦ እንዴት...»

«ብላ። ኋላ አልበላሁም እንዳትል።»

«አልልም። በእግዚአብሔር አልልም።»

«ያኔም ወንዛዬ ነበርኩ ብለሃል። ብላ።»

ዕንባው እየወረደ በላ። ድንበሩን ዞርን፤ አጭር ነው፣ ቤቱንና ጓሮውን ዞሮ ወዲያው ያልቃል። ደጀ ሰላም ቆሜ «ምትኬን ተቀብያለሁ» አልኩ። ድምፄ አልወጣ ብሎ ካህኑ ደግሜ እንድለው አዘዙኝ። ደገምኩት። እማሆይ ከቅጥሩ ውጭ ነበሩ። ያን ጊዜ ገቡ። በሩ ላይ ወድቀው መድረኩን ሲስሙ ቆዩ።

እኔ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። መሬቱ በስሜ ይሁን እንጂ ከቤታቸው አይወጡም፤ እኔ እጦራቸዋለሁ፣ ልጆቼ ውሃ ይቀዱላቸዋል ብዬ አስቤ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን አጎዛቸውንና አንድ ቅል ይዘው ከቤታቸው ወጡ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ከመነኮሳይቶቹ ጋር እሆናለሁ።»

«እማሆይ፣ እባክዎ። እዚሁ ይኑሩ። እኔ ነኝ የምለው፣ የመሬቱ ባለቤት።»

«ሻጭ በሸጠው ላይ ተጋድሞ ሲኖር አይተሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ እኖራለሁ፣ ነገ ጌሾው ለምን ተቆረጠ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ ልጆችሽን እቆጣለሁ። ማንም ብዬ ነው የማልኩት፣ ልጄ። ማንም ውስጥ እኔም አለሁ።»

ትልቋ ልጄ ቅሉን ልትይዝላቸው ተከተለቻቸው። እኔ ወደ ቤቱ ገባሁ። የቤቱ ምድጃ ገና ሙቅ ነበር።

በዚያ ነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ ቆረቡ። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆኖ አየሁት። ምግብ እልክላቸው ነበር፤ ለመነኮሳይቶቹ ሁሉ እኩል ካልሆነ አይቀበሉም። ስለዚህ ከጓሮው ጎመን ለሁሉም እልክ ነበር፤ ለእሳቸው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሳሉ አልለቀቃቸውም።

በተከታዩ ሰኔ በጓሮው ገብስ ልንዘራ በሬዎቹን አስገባን። ቀና ስል ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ሕይወታቸውን ሙሉ በኖሩበት ቤት አጥር ውጭ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። እግራቸው የአጥሩን መስመር አልነካም።

«ማን መጣብሽ?» አሉ።

ጎረቤቴ በሬዎቹን አቁሞ ዞር አለ። ልጆቼ አዩኝ። ልመልስላቸው ካልቻልኩ ቃላቸው ያልተፈጸመ እንደሚመስላቸው አወቅሁ።

«ማንም አልመጣብኝም፣ እማሆይ።»

«እሰይ። በሉ ዝሩ።»

በጥር ሞቱ። ፍትሐታቸው ሲደርስ ወጣቱ ካህን ከግዝታቸው ተፈትተው ነው የሞቱት ብለው አጽናኑኝ። እኔ የተጽናናሁ አልመሰለኝም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ የመንገዱ ዳር ማሳ ተመለሰልኝ። ሽቦው ተነቅሎ፣ አፈሩ በጠጠርና በመኪና ዘይት ተበላሽቶ ነበር። ከልጆቼ ጋር ሁለት ክረምት ጠጠር ለቀምን። ከዚያ በኋላ ሁለት መሬት ኖረኝ፤ አንዱ የገዛሁት፣ አንዱ እሱ ሲወሰድብኝ የተተካልኝ። ምትኩን የምመልስላቸው እማሆይ የሉም። አንበሳሜ ድረስ በእግሬ ሄጄ ያንን ነጋዴ አገኘሁት። ጨው እየሰፈረ ነበር።

«ማሳዬ ተመልሶልኛል፤ የአክስትህን ጓሮ ውሰድ» አልኩት።

መስፈሪያውን አስቀመጠ። «ዳቦውን በልቻለሁ።»

«እኔ ነኝ የምሰጥህ። ፈቅጄ።»

«እትዬ፣ ብበላውም አልዋጥኩትም፤ እስካሁን እዚህ ነው ያለው» አለ ጉሮሮውን ነክቶ። «ነገ ሰው ማን ወሰደባት ቢል የምጠራው እኔ ነኝ። አክስቴ ለዚያ ብለው አይደለም እንዴ ከቤታቸው የወጡት? ለመንገድ ጨው ልስፈርልሽ?»

ጨው ሰፍሮልኝ ተመለስኩ።

እስከ ዛሬ በዚያ ጓሮ ማንም አልመጣብኝም። ዘመድም፣ ድንበርተኛም፣ የአገረ ገዢ ሰውም። ልጆቼ ተድረው ሄዱ፤ ሲመጡ የሚያድሩት በእማሆይ ቤት ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ። በየሰኔው በሬዎቹ ተጠምደው ሲቆሙ ወደ አጥሩ ሄጄ ጥቂት እቆማለሁ። አራሹ አዲስ ሰው ነው፣ ነገሩን አያውቅም።

«ምን እንጠብቃለን እናቴ?» ይለኛል።

«ምንም» እለዋለሁ። «በል ዝራ።»